ሲንጀር ብርቅነቱ የቀረው እንዴት ነው?

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ በገበያ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ማንንም አያስደንቅም። ገበሬው ጨርቁን ገዝቶ ይለካል፤ አረንጓዴ ቁምጣውን አሰፍቶ ወደ ቀዬው ይመለሳል። መኪናዋን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። የአንድ ቴክኖሎጂ ትልቁ ድል ይኸው ነው፤ ተራ መሆን።

ይህ ግን እንዲሁ አልመጣም። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። መኪናዋ ግን ለብዙ ቤተሰብ ዋጋዋ አልተቀመሰም። በር የከፈተላት ኩባንያው በ1856 የጀመረው የዱቤ ሽያጭ ነው፤ ትንሽ ከፍሎ መውሰድ፣ የቀረውን በየወሩ መክፈል። ለጎጃም ገጠር ደግሞ ሌላም ጸጋ አላት። በእግር ስለምትረገጥ መብራት አትጠይቅም። መርፌና ቺንጋ ከገበያ ይገኛል፤ ስትበላሽም ፈታትቶ የሚጠግናት ሰው ቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዛዊው አድሪያን ቦውየር የራሱን ዕቃዎች በከፊል የሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር ለመሥራት ሲነሳ፣ እያንዳንዱ ቤት ፋብሪካ ይሆናል የሚል ተስፋ ተከትሎ ነበር። ዛሬ የማሽኑ ዋጋ እጅግ ወርዷል፤ አብዛኛው ቤት ግን አልገባም። ቤተሰብ በየቀኑ የሚፈልገውን ነገር አልሠራለትምና።

ስለዚህ አዲስ ማሽን ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ሲመጣ፣ ሪባን ከመቆረጡ በፊት ሦስት ጥያቄ ይመለስ። የሚሠራውን ዕቃ ማን ይገዛዋል? ተመራቂው ማሽኑን በምን ብድር ያገኘዋል? ሲበላሽስ ቡሬ ላይ ማን ይጠግነዋል?

መልስ የሌለው ማሽን በምርቃቱ ቀን ብርቅ ሆኖ፣ በማግሥቱ አቧራ ይለብሳል።