ሞተሩ ሲሸጥ መንገዱም ይታሰብ

ባለ አራት ጎማ ሞተር ብስክሌት የሚያስመጣ ነጋዴ፥ ሞተሩ የሚነዳበትን ስፍራ ካላሰበ ንግዱ ከመንገድ ይቀራል። ለዚህም አብነት የሚሆነን በአሜሪካ፥ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው የሃትፊልድ ማኮይ የጥርጊያ መንገድ ነው። የድንጋይ ከሰል ሥራ በቀዘቀዘበት በዚያ ተራራማ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የተከፈተው ይኸው መንገድ ዛሬ ከ1,000 ማይል በላይ ሆኗል።

ምስጢሩ ግን በርዝመቱ ብቻ አይደለም። መንገዱ እንደ አስቸጋሪነቱ በቀለም ተለይቷል፤ አረንጓዴው ለጀማሪ፥ ሰማያዊው ለለመደ፥ ጥቁሩ ለብርቱ ነው። ቀጥ ያለና የተደላደለ መንገድ ፍጥነትን እንጂ ደስታን አይጨምርም፤ ጠመዝማዛው፥ ዳገቱና ድንጋያማው ግን የነጂውን ብልሃት ይፈትናል። ሆኖም ፈተናው በነጂው ምርጫ እንጂ በድንገት ሊመጣ አይገባም፤ ያልታሰበ ገደል ጨዋታ ሳይሆን ሞት ነውና። ስለዚህ በየአስቸጋሪው ስፍራ አጠገብ ቀላል ማለፊያ ይበጅ፤ የጎርፍ መውረጃም ይቆፈር።

ከሁሉም በላይ መንገዱ ከከተማ ይገናኝ። በዚያ አገር ነጂው ከሞተሩ ሳይወርድ ወደ መንደሩ ገብቶ ነዳጅ ይሞላል፥ ምሳ ይበላል፥ ያድራልም። ባለሱቁንም አስመጪውንም የሚያኖረው፥ ጀማሪው ሳይፈራ፥ ብርቱው ሳይሰለች ደጋግሞ የሚመጣበት መንገድ ነው። ክቡራን ነጋዴዎች ይህን ልብ ይሏል።