እስክስታ የሚወርዱ ልጆች ከስፖርት ክፍለ ጊዜ አይቅሩ


«ልጄ ለወላጆች በዓል እስክስታ ስለሚለማመድ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ይቅርልኝ» የምትሉ ወላጆች በዝታችኋል። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። እስክስታ ትከሻን፣ አንገትንና ደረትን ያሠራል እንጂ ሩጫውን፣ ዝላዩንና ኳሱን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ መክሯል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻውን ይህን አይሞላም፤ እሱንም ከቀነስንባቸው ምን ሊተርፋቸው ነው?

«ይደክመዋል» ትላላችሁ። በዚህ በንፋስ መውጫ ብርድና ዳገት ትንፋሹ ያጠረ ልጅ እኮ ጭፈራውንም ከመሐል ያቆማል! ትንፋሽ የሚገኘው በሩጫ ነው።

ስለዚህ ልምምዱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይሁን። የታመመ ልጅ ካለ የሐኪም ወረቀት ያምጣ። መምህራንም ጎበዙን ጨፋሪ ፊት አውጥተው ለጓደኞቹ እስክስታውን ያስተምር ዘንድ እናሳስባለን።

የነዋሪዎች ማህበር ጸሐፊ