ተበዳዪቱ ስለ ምን ትሰደዳለች?



በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ፣ በ13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ አምኖን የታመመ መስሎ ተኝቶ እኅቱን ትዕማርን ምግብ እንድታዘጋጅለት ካስጠራት በኋላ በግፍ ደፈራት፤ እርሷም በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ስትሄድ፣ ወንድሟ አቤሴሎም «ወንድምሽ ነውና ዝም በይ» ብሎ በቤቱ አስቀመጣት፤ አባታቸው ዳዊትም ነገሩን ሰምቶ እጅግ ተቈጣ እንጂ ፍርድ አልሰጠም። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው።

እኛም በሐራና በአካባቢዋ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንዲህ ያለው ነውር ከቤት በተሰማ ጊዜ የምንናገረው የመጀመሪያ ቃል «ሆድ ይፍጀው» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ልጅቱ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ወደ ዘመድ ትላካለች፣ አለዚያም 18 ዓመት ሳይሞላት ትዳራለች፣ ወይም ወደ ዓረብ አገር የሚያደርሰውን የመከራ መንገድ ትይዛለች፤ በዳዩ ግን በአባቱ ቤት፣ ከታናናሾቹ ጋር፣ እንደ ቀድሞው ይኖራል። ተበዳዩ ወንድ ልጅ የሆነ እንደ ሆነማ ነገሩ ጨርሶ አይነሣም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ በአደባባይ ተናግረናል፣ አልቅሰናልም፤ መናገራችንም የተገባ ነበረ። ደፋሪው ባዕድ ሲሆን የተከፈተው አፋችን፣ ደፋሪው የእናት ልጅ ሲሆን የሚዘጋበትን ምክንያት እኔ አላገኘሁትም።

ወላጆች ዝም የሚሉት ሁለቱም የአብራካቸው ክፋዮች በመሆናቸው፣ አንዷን ለማዳን ሌላውን በእጃቸው ለወህኒ አሳልፈው የሚሰጡ ስለሚመስላቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ጭንቀታቸውም ያሳዝነኛል። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው ቅጣት ሳይሆን በሕክምና፣ በጥበቃና በተግሣጽ እንዲታረም ያዝዛል። ይህን ያላወቀ ወላጅ፣ ሊታረም የሚችለውን ልጁን በዝምታ ያበላሸዋል። ከዚያ ዕድሜ ያለፈው ግን ስለ ሥራው በዳኛ ፊት ይቁም፤ የአባት ፍቅር ፍርድን ሊያስቀር አይገባውም።

ልጅቱ በተናገረች ቀን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ምናልባት የልጆች እናት ከሆነች በኋላ፣ አንደበቷ የተፈታላትንም «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብለን አንመርምራት፤ ሕፃን ሳለች ብትናገር ማን ይሰማት እንደ ነበረ እናውቃለንና። በፋሲካም ሆነ በዒድ ከማዕዱ አጠገብ አስቀምጠን ወንድምሽን ሳሚው፣ ይቅር በይው ብለን አናስገድዳት።

አበጋሮቻችን ደም በማድረቅ የተመሰገኑ አባቶች ናቸው፤ የሕፃን መደፈር ግን በእርቅ ተሸፍኖ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ በአካባቢያችን ያሉ ካህናት፣ ሼሆችና አበጋሮች እንዲህ ያለው ነገር ወደ እነርሱ በመጣ ጊዜ ለሽምግልና ከመቀመጣቸው በፊት ልጅቱን ወደ ሐኪምና ወደ ሕግ እንዲያደርሱ፣ ከበዳይዋም ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዳታድር እንዲያደርጉ፣ ከቤት መውጣት ያለበት ሰው ካለም እርሱ እንዲሆን በታላቅ ትሕትና እለምናቸዋለሁ።


አንድ አንባቢ፣ ከሐራ