መንገዱስ እሺ፣ ደረጃውስ?

ጎንደር ልሄድ ነው ያለ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ "መንገዱ ሰላም ነው?" ተኩሱንም እገታውንም ያየ ሕዝብ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን መንገዱን በሰላም አልፋችሁ፣ ትኬት ቆርጣችሁ፣ የነገሥታቱ ቅጥር ከገባችሁ በኋላ ስላለው ደኅንነት ነው። ስለዚህኛው ማንም ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነበር፤ ደስታው ገና ትኩስ ነው። በጎንደር ጥምቀተ ባሕር ለታዳሚ የተሠራው የእንጨት ርብራብ ሰው በዝቶበት ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። አጼ ፋሲል አሠሩት የሚባለው የድንጋይ ቅጥር፣ የዛፍ ሥር እንደ እባብ ተጠምጥሞበት እንኳ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። የወደቀው እኛ ለአንድ በዓል ያቆምነው ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ስለዚህ "ቅርሱ አርጅቷል" የሚለው ምክንያት ለእኔ ሙሉ መልስ አይደለም። እርጅናውማ አለ። ፋሲል ግቢ መሬት መንቀጥቀጥ አይቷል፤ ጣሊያን ሰፍሮበት በነበረ ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል፤ ከዚያ ወዲህም ተደጋግሞ ታድሷል። በቅርቡ የተደረገውን እድሳት ያየ ሰው ማመስገን አለበት፣ እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ግድግዳ ማደስ አንድ ነገር ነው፤ ሰው በግድግዳው ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማሰብ ደግሞ ሌላ ነው።

እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ለንጉሥና ለጥቂት ባለሟሎች ነው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ወደ ሰገነት ይወጣል ብሎ ያሰበ ግንበኛ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴን ልጅ ይዤ በዚያው አካባቢ ካሉት ጥንታዊ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ወሩ ነሐሴ፣ ድንጋዩ በዝናብ ሙልጭልጭ ብሏል። ከውጭው ብርሃን ወደ ውስጥ ስንገባ ዓይናችን ጨለመ፤ ልጁ ደረጃ ያለ መስሎት እግሩን ሰነዘረ፣ ደረጃው ግን እዚያ አልነበረም። በኮሌታው ጎትቼ ያዝኩት። በሩ ላይ የነበሩት ሰውዬ "አይዞህ፣ እዚህ ብዙ ሰው ያዳልጠዋል" አሉኝ። ለማጽናናት ነው ያሉኝ፤ እኔ ግን የባሰ ደነገጥኩ። ብዙ ሰው የሚያዳልጠው መሆኑ ከታወቀ፣ አንድ መደገፊያ እንጨት ምን ያህል ይከብዳል?

ስፔን ያለው የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት ለዋናዎቹ አዳራሾች የሚሸጠው ትኬት የመግቢያ ሰዓት የተጻፈበት ነው፤ ከሰዓቱ ውጭ አይገባም። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ብቻ ይበቃል። ሥራ ፈላጊ ወጣት ደግሞ በጎንደር ሞልቷል።

ጎብኚውም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ግንብ ጠርዝ ላይ ወደኋላ እየሄደ ሰልፊ የሚነሳውን ስንቴ አይተናል? አስጎብኚ "ተው" ሲለው "ከፍዬ ነው የገባሁት" የሚለውስ? ጥምቀት ላይ ከዛፍ ወደ ውኃው የሚዘለውን ወጣት እንኳ ልተወው፤ እሱ ቢከለክሉትም አይሰማም። ቢያንስ ግን ከሥር ዋና የሚችል ሰውና ቃሬዛ ይኑር።

የርብራቡ ነገር ግን ለልመና የሚተው አይደለም። ከሚቀጥለው ጥምቀት በፊት እያንዳንዱ ርብራብ ስንት ሰው እንደሚችል በመሐንዲስ ተፈትሾ፣ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ፣ የፈረመው ኃላፊ ስም ከሥሩ ይለጠፍ። ፈራሚ ያልተገኘለት ርብራብ አይቁም፤ ሕዝቡ መሬት ላይ ቆሞ ያክብር።