የዕድሩ ድንኳን መድረክ ሲሆን

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ሐይቅ፣ እናቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የታላቅ እህቴ ልጅ «አክስትዬ፣ የወላጆች ቀን ድራማ አለን፤ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ» አለችኝ። ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የለውም። የሰፈሩ ዕድር ድንኳኑን ከነአግዳሚ ወንበሩ አውሶ ግቢው ውስጥ ተተክሏል። መጋረጃው በመርፌ የተያያዙ ሁለት አንሶላዎች ነው። የእህቴ ልጅ የጥጥ ፂም ለጥፋ፣ የአያቷን ካፖርት ለብሳ ወጣች። ለልጁ ሠርግ የእርሻ በሬውን ሸጦ፣ በክረምት በሬ ለመዋስ የጎረቤት ደጅ የሚጠና አባወራ ሆናለች። አጠገቤ የተቀመጡ አባት እየሳቁ፣ «ይቺ ልጅ ስለ እኔ ማን ነገራት?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ዝም አሉ። ምክር ቢሰጧቸው እንዲያ የሚሰሙ አይመስለኝም።

ሲያልቅ የድራማ ክበቡን መምህር አነጋገርኳቸው። ለጥጡም፣ ለቀለሙም፣ ለድምፅ ማጉያው ኪራይም የከፈሉት ከደመወዛቸው ነው። አምባሰል ወረዳ፣ ውጫሌ ያለ አንድ ትምህርት ቤት «እኛም ጋ አሳዩልን» ብሎ ነበር፤ የሚኒባስ ኪራይ ስላልተገኘ ቀረ። በደቡብ ወሎ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተጎዱ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ወንበርና መጽሐፍ ሳይሟላ ለድራማ ክበብ የሚተርፍ ገንዘብ ከየት ይመጣል? አምባሰል ግን ስሙን ለቅኝት የሰጠ አገር ነው!

ይህን ስሰማ ያፈርኩት በራሴ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የስፖንሰር ጥያቄ ደብዳቤ በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። አምና ከአንድ የልጆች ቴአትር ቡድን ሲመጣ «ስንት ሰው ያየዋል? ባነራችን የት ይሰቀላል?» ብዬ ጠየቅሁና «በጀት የለንም» የሚል መልስ ጻፍኩ። በዚያው ወር ማንም ያላደረጋቸውን ኮፍያዎች አሳትመናል።

የአገራችን ቴአትር የተነሣው ግን በትምህርት ቤትና በማኅበር ትከሻ ላይ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበሩ፤ ተውኔቶቻቸውን የሚጫወቱላቸውም ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ሀገር ፍቅር ቴአትርም በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ልጆች በስማቸው የተሰየመ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር አላቸው። የሐይቅ ልጆች ያላቸው የዕድር ድንኳን ነው።

ለለቅሶ በየወሩ እናዋጣለን፤ ለሠርግም እንደዚያው። ለልጆች መድረክስ? ማገዝ ለምትፈልጉ ከመምህሩ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ጠይቁ። «ለኪነ ጥበብ» ብሎ ከመስጠት «ምን ጎደለ?» ማለት ይሻላል። የጎደለው ብዙ ጊዜ ጨርቅ፣ ትራንስፖርት ወይም ድምፅ ማጉያ ነው።

ከቁም ሳጥናችሁ ጀምሩ። የማይለበስ ካባ፣ አሮጌ ካፖርት፣ የተቀየረ መጋረጃ ለእናንተ ቦታ ይይዛል፤ ለእነሱ ግን ንጉሥም ሽማግሌም ይሆናል።

ትንሽም ቢሆን በየወሩ ስጡ። የአንድ ቀን ትልቅ ስጦታ ለአንድ ድራማ ይበቃል፤ ወርኃዊ መዋጮ ግን ክበቡን ዓመቱን ሙሉ ያቆየዋል። ገንዘቡን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል፣ በደረሰኝ አድርጉት።

ሄዳችሁም እዩ። በከተማችሁ የልጆች ቴአትር ካለ ልጃችሁን ይዛችሁ ትኬት ቁረጡ፤ ይህም ድጋፍ ነው።

እንደ እኔ በድርጅት በጀት ላይ የምትፈርሙ ደግሞ፣ እባካችሁ አርማችሁን በልጅ ደረት ላይ ለመለጠፍ አትጠይቁ።

እኛ ስድስት እህትማማቾችና የአክስት ልጆች ሆነን ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ እናዋጣለን። በኅዳር ሚኒባሱ ተከራየ። ማታ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ።

«አክስትዬ፣ ውጫሌ ሄድን! መሃል ላይ ፂሜ ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«አንስቼ ለጠፍኩትና ቀጠልኩ።»