ካናቴራው ለልጁ፣ ጥያቄው ለማን?

አንባቢ ሆይ! ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ አማኑኤል ይደርሳል። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ረጅም፣ አፈሩ ቀይ፣ ጭቃው እግር የሚይዝ። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚጎርፈውን ሕዝብ እግር እግሩን ማየት ነውር ነው ይባል ይሆናል። የዛሬው ጉዳዬ ግን እግር ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ። ከዚያ ሕዝብ መካከል እግሩ እንደ ግንድ አብጦ፣ በጋቢው ጫፍ ሸፈን አድርጎ፣ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው አይጠፋም። በሽታው ዝሆኔ ይባላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክልሉ ግጭቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ ዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ሄጄ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ እየጮኸ ደረስኩ። አንድ ኩባንያና አንድ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ወጣቱን ለጤናና ለሕክምና ምርምር ለማነሣሣት ያዘጋጁት በዓል ነው ተባልኩ። የሁለቱንም ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከልማዱ ጋር ነው። በጋዜጠኝነት ትምህርቴ ካተረፍኳቸው ነገሮች አንዱ «ማን ከፈለ?» ብሎ መጠየቅ ስለሆነ ጠየቅሁ። ለድንኳኑ፣ ለታሸገው ውኃ፣ ለካሜራ ሠራተኛው፣ ለእንግዶች አበልና የኩባንያው ምልክት ለታተመበት ካናቴራ ተከፍሏል። ለትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራስ? እርሱ ተቆልፎ ነበር። በመስኮቱ ቢታይ አቧራ የለበሰ ጠረጴዛና ጥቂት ባዶ ጠርሙሶች ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲው የመጡት እንግዳ ስለ ታላላቅ ግኝቶች ተናገሩ። ስለ ፔኒሲሊን፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ልብ ንቅለ ተከላ። ንግግሩ አልከፋም። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ሲባል ኮንጎ ጫማ የተጫማ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ግድም የሚሆነው ልጅ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ሴት አያቴ ዝሆኔ አለባቸው። እኅታቸው ግን የለባቸውም። ሁለቱም በባዶ እግራቸው አድገው፣ አንድ ማሳ ላይ ነው የኖሩት። ለምን አንዷን ይዞ ሌላዋን ተወ?»

«ጎበዝ! በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! አጨብጭቡለት!» አሉ እንግዳው። ተጨበጨበለት። ካናቴራ ተሸለመ። ፎቶግራፍ ተነሣ። ወደሚቀጥለው ጠያቂ ታለፈ።

ልጁ ካናቴራውን በእጁ እንደ ያዘ ሲቀመጥ ፊቱን አየሁት። መልስ የሚጠብቅ ፊት ነበር። እኔም መልሱን አላውቅም ነበርና አዲስ አበባ ስመለስ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

(ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህ ዝሆኔ ትንኝ ከሚያመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጉት የብዙ ዓመት ጥናት በሽታውን ከቀዩ አፈር ጋር አያያዙት። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የደጋ ሸክላ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ሰውነት በነርሱ ላይ ይቆጣል፤ ፈሳሽ የሚያመላልሱት ቱቦዎች ይደፈናሉ፤ እግር ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ይሁንና ሁሉን አይዝም። ለምን? በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ የሰውነት መከላከያን በሚመራው የዘር ክፍል ላይ ልዩነት እንዳለ አሳዩ። ጥናታቸው የታተመው በአሜሪካው «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ ነው። በሐኪሞች ዓለም ከዚህ የሚበልጥ አደባባይ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! በዓለም የታወቁ ተመራማሪዎች ዓመታት የደከሙበትን ጥያቄ አንድ የአማኑኤል ልጅ አያቱን በማየት ብቻ ደረሰበት። እኛም በካናቴራ አፉን ዘጋነው።

የኔ ክርክር ይኸው ነው። ኩባንያዎቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን «የወጣቱን ፍላጎት እንቀሰቅሳለን» እያሉ ገንዘብ ያወጣሉ። ፍላጎቱ ግን ተኝቶ አያውቅም። አያቱ በየወሩ በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ፣ እኅቱ «ዘሯ ዝሆኔ አለበት» ተብላ ባል ስታጣ የሚያይ ልጅ ጥያቄ ሞልቶታል። የጎደለው ጥያቄውን ተቀብሎ አብሮት የሚሠራ ሰው፣ የሚሠራበት መሣሪያና ጊዜ ነው። ስፖንሰሮቻችን ያላቸው ላይ ይጨምሩላቸዋል፤ የጎደላቸውን አይነኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው። ልጁን ከፔኒሲሊን ጋር ሲያስተዋውቁ ከደጁ የተገኘውን ምርምር ነጠቁት።

ከደጁ ስል ለአፌ ያህል አይደለም። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም 20 ቀበሌዎች ውስጥ 17,553 ቤቶችን በር ለበር አንኳኩቶ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች 3.3 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አገኘ። በ2018 የወጣው ደግሞ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎችን ለዓመት ተከታትሎ፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ብቻ አጣዳፊውን ሕመም በአምስት አንድ እጅ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ውኃ፣ ሳሙናና ጫማ! ይህን የሚያህል የምርምር ትምህርት ለአንድ የሳይንስ ክበብ ከየት ይመጣል? ሆኖም ያ በዓል በተደረገበት ግቢ ከነዚህ ቁጥሮች አንዱን እንኳ የጠራ አልነበረም።

«አንተ የምትለው ሕልም ነው፤ የገጠር ልጅ በእንዶድና በጭቃ ሳይንቲስት አይሆንም» የሚለኝ ይኖራል። እንዶድን ካነሣን ዘንድ እንናገር። በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ወደ ታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው ነበር። የቢልሃርዚያን ተውሳክ የሚያሳድጉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የአገራችን ትልቁ የሕክምና ግኝት ታሪክ የጀመረው ከእናቶቻችን ማጠቢያ ድንጋይ አጠገብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ በ1989 አክሊሉና የሥራ ጓደኛቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በመካከል ያለፈው 25 ዓመት ነው። እርሳቸውም ከሳይንሱ ይልቅ የከበዳቸው ከአፍሪካ የሚመጣን ምርምር ያለማመን ልማድ እንደሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። በደሃ አጥር ሥር የሚበቅል ቅጠል ለትልልቅ ኩባንያዎች ትርፉ አልታያቸውም። በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ በዚያ አገር ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንዲገድል የማድረጉን ዘዴ በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ፤ የዕውቀቱ ባለቤት ማነው የሚል ክርክርም ተነሣ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ የትኛው ጥያቄ ይኑር፣ የትኛው ይሙት ብሎ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ከፋዩ ነው። ስለዚህ ስፖንሰር ሲመጣ ማጨብጨብ ብቻውን አይበቃም፤ ውሉን ማንበብም ያስፈልጋል።

ስፖንሰር ሁሉ ክፉ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተው በውጭ እርዳታ ጭምር ነው። ነገር ግን መነሻው ደምቢያ ላይ ሕዝቡን የፈጀው ወባ ነበር፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ሕዝቡ እየተላኩ ነው የሠለጠኑት። በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አዲስ አበባ ላይ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምን ሲያቋቁሙ ከሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ አጠገብ ነው የተከሉት። ቤተ ሙከራው ከበሽተኛው ደጅ ሆነ። በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሮ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ቤት ነው። ሁለቱም ከእኛ በሽታ ተነሡ፤ ሁለቱም ከአንድ ቀን በዓል አልፈው ዘመን ተሻገሩ።

በዚያው ልክ የኩባንያ ቸርነት የቀን መቁጠሪያ እንዳለው አንርሳ። በ2006 የተቋቋመው የአሜሪካው ጫማ ኩባንያ ቶምስ አንድ ጥንድ በሸጠ ቁጥር አንድ ጥንድ ለችግረኛ ልጅ እሰጣለሁ ብሎ ስም አተረፈ። በአገራችንም ለዚሁ ዝሆኔ መከላከያ ጫማ ሰጥቷል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። በ2021 ግን ያን አሠራር ትቶ ከትርፉ ሲሶውን ወደ መለገስ ዞረ። መብቱ ነው፤ ንግዱ ነው። ቀዩ አፈር ግን አሠራሩን አይለውጥም። የልጅ እግር ያድጋል፣ ጫማ ይቀደዳል፣ በሚቀጥለው ክረምት ጭቃው እዚያው ይጠብቃል።

«ከምንም ካናቴራው ይሻላል» የሚሉኝን እሰማቸዋለሁ። ድህነታችንን አውቃለሁ፤ የመጣን እጅ መመለስም ኩራት ብቻ ነው። ግን ነፃ ስጦታ ነው ወይ? ኩባንያው ፎቶግራፉን ለማስታወቂያ ወስዷል። ዩኒቨርሲቲው በዓመት ሪፖርቱ ላይ «ማኅበረሰብ አገልግሎት» ብሎ ጽፎታል። ሁለቱም ከልጁ አንድ ነገር ወስደዋል። ገበያ ከሆነ እንደ ገበያ እንከራከር።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ ወላጆች፣ የወረዳ ጤና ባለሙያዎች ስፖንሰር በራቸውን ሲያንኳኳ አራት ነገር እንዲጠይቁ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ጥያቄው ከአካባቢው ይምጣ። ልጆቹ ራሳቸው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነው፣ የማንንም ስም ሳያወጡ፣ በክረምትና በበጋ ስንት ሰው ተጫምቶ ገበያ እንደሚወጣ ይቁጠሩ፤ ይመዝግቡ። ምርምር መቁጠርና መመዝገብ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ይቅር። ድንኳኑ ቀርቶ በዋጋው አንድ ማይክሮስኮፕና ቁልፉን የሚይዝ፣ አበል የሚከፈለው አንድ መምህር ይኑር። ሦስተኛ፣ ከሦስት ዓመት ያነሰ ውል አይፈረም፤ ሰባተኛ ክፍል የጀመረ ልጅ ዘጠነኛን እስኪጨርስ ማለት ነው። አራተኛ፣ የተገኘው ነገር ይመለስ። በጎጃም ላይ የተጻፈው ጥናት በአማርኛ ተተርጉሞ፣ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይነበብ። ስለ አያቱ እግር የተጻፈውን ልጁ ማንበብ ካልቻለ ምርምሩ ለማን ተጻፈ?

የጎጃም ተወላጅ የሆናችሁ ነጋዴዎችና በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ለሠርግና ለተዝካር የምናወጣውን እናውቀዋለን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ከአንድ ድግስ አይበልጥም።

ይህን ስጽፍ ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት ብዙ ሺሕ ትምህርት ቤቶችን እንደ ዘጋና ሚሊዮን ልጆችን ከደብተር እንደ ለየ አልረሳሁም። ስለ ማይክሮስኮፕ መጻፍ በዚህ ጊዜ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ለኔ ተቃራኒው ነው። በሩ ሲከፈት ድንኳንና ካናቴራ ቀድሞ እንዳይገባ ከወዲሁ መነጋገር አለብን።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ዕድሜው ወደ ጎልማሳነት ተጠግቷል። ካናቴራው አርጅቶ ወለል መወልወያ ሆኖ ይሆናል። ጥያቄውን ግን ይዤዋለሁ፤ መልሱንም ከላይ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ማቻከል የሚደርስ መንገደኛ ካላችሁ ይህን መጽሔት አንብባችሁ ስትጨርሱ ስጡት፤ ለአንድ የሳይንስ መምህር ያድርስልኝ።