«ኮንታክት» የሚሉት ባለቤት አልባ ቃል

በከተማችን ቤት በተቃጠለ ቁጥር ከሚነገሩን ምክንያቶች የማይቀረው «ኮንታክት» ነው። ቃሉ እንደተነገረ ጥያቄው ያበቃል። ገመዱን ማን ዘረጋው፣ መቼ ተዘረጋ፣ ማን መረመረው ብሎ የሚከታተል ጥቂት ነው። ቋንቋ እንወዳለን የምንል ሰዎች ስለ ሀሌታው «ሀ» እና ስለ ሐመሩ «ሐ» ሳምንት እንሟገታለን፤ በዳዩን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ የሚጥለውን ይህን ቃል ግን በዝምታ አሳልፈነዋል። እኔ ልከራከረው ተነስቻለሁ።

ሥራዬ በባንክ መስኮት ቁጥር ማመሳከር ነውና ከቁጥር ልጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይሆናል። በብዙዎቹ አሮጌ የጭቃ ቤቶች የተዘረጋው ሽቦ ግን ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ራዲዮ የታሰበ ቀጭን ሽቦ ነው። በሽቦ የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ያድጋል። የሽቦው ልባስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከበላዩ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ ከጎኑ ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ አለ። ፊውዝ ራሱ ቀድሞ ተቃጥሎ ቤቱን እንዲያድን የተሠራ ነው፤ ጠጋኝ ነኝ ባዩ ግን ወፍራም ሽቦ ያስርበትና «ሠርቼዋለሁ» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል።

«ድህነት ነው» የሚለኝ ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። ሆኖም በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከዞሩ ወዲህ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሳያስፈቅድ ቤቱን ማደስ አይችልም፤ አከራዩ ደግሞ ኪራዩ ትንሽ ነው እያለ ጥገናውን ያዘገያል። ሽቦው በሁለቱ መካከል ያረጃል።

እኛ ገጣሚዎችስ? የአሮጌውን ሰፈር ሰገነት፣ የአያቶቻችንን ደጅ እየናፈቅን ስንኝ እንቋጥራለን። በዚያ ቤት ኮርኒስ ሥር ዛሬ ማታ የሚተኛ ሕፃን መኖሩ በግጥማችን አይታይም።

እንግዲህ ስለ ቃጠሎ የምትጽፉ ሁሉ፣ ለዓረፍተ ነገራችሁ ባለቤት ስጡት። ሽቦው ስንት ዓመቱ ነበር? ፊውዙ ላይ ምን ታስሮበት ነበር? ተከራዩ እድሳት ጠይቆ ከነበረ የከለከለው ማን ነው? ይህን ጽፋችሁ ስታበቁ፣ ከፈለጋችሁ «ኮንታክት» በሉ።